የሳሙናው ግለሂስ

«ጓድ፣ ተራህ ነው። ተነስና ግለሂስህን አድርግ!»

ዘመኑ ደርግ፣ ቦታው መካነ ሰላም፣ የቀበሌው አዳራሽ ነው። ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ... ግለሂስ ማለት በስብሰባ ፊት ቆሞ የራስን ጥፋት መናገር ነው። ጥፋት የለብኝም ማለት ደግሞ ራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ቆንጆ ቆንጆ ጥፋት አዘጋጅተን ነበር የምንገባው... «ሥራ ስለማበዛ ቤተሰቤን እበድላለሁ» ዓይነት።

እኔም የኔን አዘጋጅቼ ገባሁ። ወይ አለማወቅ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ባህር ዛፍ የሚቆርጥ የሞተር መጋዝ ከደሴ መጥቶልን ነበር። ቀለሙ እንኳ ያልተላጠ፣ አዲስ በሉት። ቆራጩ ሰይድ የሚባል የአቀስታ ሰው ነው፤ ሙያውን ተምሮ የመጣ፣ ጉረኛና ቁጡ። እኔ ንብረት ጠባቂ ነኝ። ቤንዚን በራሽን ስለነበረ የመጋዙን የቤንዚን ክዳን ከኔ በቀር የሚከፍት የለም።

መጋዙ ጠዋት ሲነሳ ጉድ ያሰኛል። ሞቅ ሲለው ግን ያስለዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ጭጭ ይላል። ሰይድ ካንዴላውን ይፈታል፣ የአየር ማጣሪያውን ያራግፋል፣ ገመዱን እየሳበ ላቡ ጠብ ይላል... ወይ ፍንክች! ከዚያ እኔ «እስኪ ቤንዚኑን ልየው» ብዬ እመጣለሁ። ክዳኑን ስከፍተው «እስስስ...» ይላል። አየት አድርጌ መልሼ እዘጋለሁ። ሰይድ ገመዱን ሲስበው መጋዙ ይነሳል።

እንዲህ ሲደጋገም ሰው ማውራት ጀመረ። «ወላሂ የዚህ ልጅ እጅ ፈውስ አለው!» አሉ። እኔም... ምን ልዋሻችሁ፣ አመንኩ። ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት እጅጌዬን መሰብሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ጣጣው የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩን ማሰላሰል ሲጀምሩ ነው። «አንዱ ሲነካው የሚነሳ፣ ሌላው ሲይዘው የሚጠፋ መሣሪያ ምን ማለት ነው? አሻጥር ነው!» አሉ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት ገባ ተብሎ አይጠየቅም። የሰይድ ጉዳይ በስብሰባው ታይቶ በማግስቱ ወደ ደሴ ወህኒ ቤት እንደሚላክ ተወራ።

ከስብሰባው በፊት ሚስቱ ዘሀራ ጨቅላ ልጇን አዝላ ቤቴ ድረስ መጣች።

«ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ... ምን አድርገህ እንደምታስነሳው ለሱም አሳየው። ካልሆነም ለምን እንደሚነሳ አላውቅም በላቸው።»

«የእጅ ነገር ነው እቴ፣ ለሰው አይታይም» አልኳት።

ልጇን ጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ ሄደች። ያ መልሴ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። ሰይድ ከፊት ብቻውን ተቀምጧል። ተነሳሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጓዶች፣ ሳላስፈቅድ የመሥራት ችግር አለብኝ። መጋዙ እንደመጣ ክዳኑ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ቤንዚን ሲያዥ አየሁ። የሰፊው ሕዝብ ቤንዚን በከንቱ እንዳይፈስ ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከቀበሌ ሱቅ የደረሰኝን የራሴን ሳሙና ቆርሼ ቀዳዳዋን ድፍን አደረግኋት። ለዚህ ጥፋቴ ሂሴን ውጫለሁ።»

ጭብጨባ ነበር የጠበቅሁት።

«ምን አልክ?» አለ ሰይድ።

«ቀዳዳዋን... ደፈንኳት።»

«መተንፈሻውን?! አንተ፣ መተንፈሻውን ነው የደፈንከው?!»

ብድግ ብሎ ወጣ። ስብሰባው በሙሉ ተከተለው። የዕቃ ቤቱን በር «ክፈት!» አለኝ፤ ከፈትኩ። ክዳኑን ፈትቶ ሳሙናዬን በእሾህ ፈልቅቆ አወጣት። መጋዙን አስነሳና ግቢው ውስጥ የተከመረውን ግንድ ይቆርጠው ጀመር። መጋዙ ሞቀ... ይብስ ሞቀ... ጭሱ ግቢውን ሞላው። አልጠፋም።

«ቤንዚኑ ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ እንዴት ይውረድ? ታንቆ እኮ ነው የሚጠፋው!» አለ እየጮኸ።

ለካ ያ «እስስስ» የታነቀው መጋዝ አየር ሲያገኝ ነው። ፈውስ ያልኩት እጄ የራሱን ጥፋት ነበር ለቅጽበት የሚያነሳው።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «ስለዚህ... አሻጥረኛው አንተ ነህ?»

ሰው ሁሉ ሰይድን ያያል። «አዎ» ካለ ደሴ የምሄደው እኔ ነኝ። ዘሀራም ከነልጇ አጥሩ ጋ ቆማለች።

ሰይድ መጋዙን አጠፋና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አይደለም ጓድ ሊቀመንበር» አለ። «ለአሻጥርም እኮ እውቀት ያስፈልጋል። ይሄ ደንቆሮ ነው።»

«እውነት ነው? ደንቆሮ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ ጓድ... ደንቆሮ ነኝ።»

የጠበቅሁት ጭብጨባ ያኔ መጣ።

ሰው ሲበተን አንገቴን ደፍቼ ዘሀራ ጋ ሄድኩ። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ሰይድ ከኋላዬ መጥቶ መለሰልኝ፤ «አፉ ብለንሃል። እጅህን ግን ከክዳኔ አንሳ!»

ከዚያ ወዲህ ስሜ «ሳሙናው» ሆኖ ቀረ። ስሙስ ይሁን፣ ያስቃል። እኔ ጉራዬን ስነፋበት የከረምኩት ሰው እኔን ለማዳን አፍታ አለማቅማማቱ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዘሀራ «አላውቅም በላቸው» ብላኝ ነበር እኮ... ያቺን አንዲት ቃል ብሰማት ኖሮ «አዎ፣ ደንቆሮ ነኝ»ን በአገር ፊት ባልተናገርኩ።