ሰማንያ አራት ከመቶ

ተማሪዎቹ «እትዬ ወንፊት» ይሏታል። በዩኒቨርሲቲው የማዕድን ማጣሪያ ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ድንጋይ ስትሰብር፣ ስትፈጭና ስትነፋ ኖራለች። ጆሮዋ ከወፍጮው ጩኸት ደንዝዟል፤ ቀኝ ትከሻዋ ከፍ አይልላትም። ቤት ስትገባ ጡረታ የወጣው ሾፌር ባሏ፣ «ቀን ድንጋይ ስትፈጪ ትውያለሽ፣ ማታ ደግሞ እኔን» ይላታል። መሳቅም ስለሚደክማት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።

ትምህርቱን የሚሰጠው ወጣት ዶክተር እዚያው ክፍል ውስጥ ተምሮ ያደገ ነው። በተማሪ ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ»። በዚያ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች ከላቦራቶሪ ሥራ ምን ያህል እንደሚማሩ ማጥናት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ መጠይቁ ተሰብስቦ አለቀ። ከመቶ ዘጠና አንዱ የላቦራቶሪው ሥራ በደንብ አስተምሮናል ብለዋል።»

እጇን በጋዋኗ ጠረገችና የስምንቱን የተማሪ ቡድኖች ሪፖርት ከመደርደሪያ አውርዳ ዘረጋችለት። ሥራው ቀላል ነው። የተፈጨው ድንጋይ በውሃ ተበጥብጦ አየር ሲነፋበት መዳብ ያዘለው ብናኝ ከአረፋው ጋር ይወጣል፤ አረፋውን ገፍፎ፣ አድርቆ፣ ከመዳቡ ስንት እጅ እንደተገኘ ማስላት ነው። ስምንቱም የጻፉት አንድ ቁጥር ነበር፤ ሰማንያ አራት ከመቶ።

«ጎበዞች ናቸው» አለ።

«ይህን የሠሩ ዕለት የአየር መንፊያው ተቃጥሎ ነበር። አንዲት አረፋ አልወጣችም።»

ዶክተሩ ሪፖርቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ።

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«ከሲኒየሮቻቸው። እነሱም ከሲኒየሮቻቸው። አንተም ሰማንያ አራት ነበር የጻፍከው፣ ልጄ። ያኔም አይቻለሁ። ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

አንገቱን ደፋ። «ምን ይሻላል?» አላት።

«እኔን አትጠይቀኝ፤ ወገቤን ጠይቀው።»

ቢሆንም ነገረችው። የሚገለብጡት ሁሉም አንድ ዓይነት ድንጋይ ስለሚሰጣቸው ነው። ለየቡድኑ የተለያየ ይሰጥ፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጭም መመሪያው ላይ አይጻፍ።

አፏ ጣጣ አመጣባት። አንዴ ትሰብረው የነበረውን ስምንቴ መስበር፣ ማሽኑንም ስምንቴ ማጽዳት ግድ ሆነ። ሦስት ቀን ፈጀባት። ተማሪዎቹ በበኩላቸው አዲሱን መመሪያ ከፊትም ከኋላም አገላብጠው አዩት። አንዱ፣ «እትዬ፣ ይሄ ገጽ ጎድሎታል» አላት።

ውጤቱ በሳምንቱ ሲመጣ አንዲት ልጅ ተማሪዎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ቀረች።

«እትዬ፣ የኛ አሥራ ዘጠኝ ነው። ምን ብለን እንጻፍ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ዶክተሩ ይጥለናል።»

«የወጣው ቁጥር እሱ ነው። ይልቅ ለምን እንደሆነ ፈልጊ።»

ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። እትዬ ወንፊት ተነፈሰችና ከቡድኑ ትራፊ ጭቃ ቆንጥራ በጣቷ ላይ አደረገችላት።

«ፈትጊው እስቲ። ምን ይላል?»

«አሸዋ አሸዋ ይላል።»

«አየሽ፣ መዳቡ ገና ከድንጋዩ ሆድ አልወጣም። አየሩ ምኑን ያንሳው?»

ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር እንደገና ፈጨች፤ አሁን ረዘም ላለ ጊዜ። ሁለተኛው ውጤት ስልሳ ሦስት ሆነ። ሪፖርታቸው አራት ገጽ ነበር፤ ግማሹ ስለ ስህተታቸው።

ዶክተሩ ያንን ሪፖርት በመምህራን ስብሰባ ላይ አነበበው። የድሮውን መጠይቅ ጥሎ ጥናቱን ከሀ ጀመረ። ሌሎች ሁለት መምህራንም እኛም እንደዚያ እናድርግ አሉ። ሊያበስራት መጣ።

«ማን ይሰብረዋል?» አለችው።

ረዳት እንዲቀጠርላት አመለከተች፤ እሱም ደብዳቤ ጻፈላት። ከአሥር ቀን በኋላ በጀት የለም ተባለ። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ተማሪዎቹ ድንጋያቸውን ራሳቸው እንዲሰብሩ ተወሰነ።

ከመሥራት ማሠራት እንደሚብስ ያወቀችው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በአቧራ ታፈነ። አንዱ ቡድን ትልቅ ድንጋይ ጎርሶ እንዲውጥ ማሽኑን ቢያስገድደው ታንቆ ቆመ። እሷ ግድግዳ ተደግፋ ስታያቸው ያቺ ልጅ ወንበር አመጣችላት። በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ማንም አይቷት አያውቅም።

ተቀመጠች። አምስት ተማሪዎች ማሽኑ ላይ ተደፍተው ድንጋዩን በብረት ዘንግ ሊፈለቅቁ ሲሞክሩ አየች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሳትነሳ። «መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጥፉ።»