አንድ የላም ገመድ ያህል

ለዚህ ጽሑፍ ዋና ምንጬ የራሴ ትውስታ ነው፤ እርሱንም ያለ ማመንታት አልጠቅሰውም። በመምህርነት በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «ያየኸውንና የሰማኸውን ለይተህ ጻፍ» እያልኩ ስገሥጽ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን በዓይኔ ያየሁት የትኛው፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ያጫወተችኝ የትኛው፣ በኋላ በሐሳቤ የሞላሁት የትኛው እንደ ሆነ እኔው ራሴ መለየት የሚያቅተኝ ጊዜ አለ። ስላለፈው ክረምት የምጽፈውን አይቻለሁ። ጎረቤቴና ልጃቸው የተናገሩትንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ቃል በቃል ያዝኩት ብዬ ግን አልምልም። ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ዘመን የምለውን አንባቢ በጥርጣሬ ይቀበለኝ። ፎቶግራፍ የለኝም። በዚያ ዘመን ሰው ፎቶ የሚነሣው በሠርግና በምረቃ እንጂ በጓሮ አልነበረም።

የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ግን በውል ባልጀመረበት ስፍራ ነው። በካርታ ላይ አዲስ አበቤዎች ነን። ሰዉ ግን ወደ ጦር ኃይሎች ወይም ወደ ኮልፌ ገበያ ሊሄድ ሲነሣ እስከ ዛሬ «ከተማ ደርሼ ልምጣ» ይላል። ከቤቴል የሚመጣው ታክሲ አስፋልቱ ባለቀበት ያራግፈናል፤ ከዚያ ወዲያ በበጋ ባጃጅ፣ በክረምት የላስቲክ ቦት ጫማ ነው።

ነባሮቹ ነዋሪዎች ገበሬዎች ነበሩ። ማሳቸው ለመኖሪያ ሰፈርና ለኮንዶሚኒየም ከሄደ በኋላ የቀራቸው ጓሮና ጥቂት ከብት ነው። በጓሮው ጎመንና ድንች ይተክላሉ፤ ኩበቱን ከጭቃው ግድግዳ ላይ ለጥፈው ያደርቃሉ፤ ወተቱን ማለዳ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ለኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ያደርሳሉ። ውኃ በቧንቧ ይመጣል፣ በመጣ ጊዜ። መብራትም አለ፣ ነፋስ እስኪነሣ። ሰው ሲሞት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ይተክላል፤ ስለ ወንበሩ አደራደር ግን እስከ ቀብሩ ሰዓት ይጨቃጨቃል። እንዲህ ተዘርዝሮ ሲነበብ የአካባቢው ኑሮ ተሟልቶ የቀረበ ይመስላል። አልተሟላም፤ ፍርሃቱ ቀርቷል።

ከመንደራችን በስተጀርባ ቦረቦር አለ። ጎርፍ እየሸረሸረ የፈጠረው፣ በበጋ ፍየሎች የሚወርዱበት ደረቅ ገደል ነው። በክረምት ግን ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ውኃ ሁሉ የሚያገሣው እዚያ ውስጥ ነው። ቆርቆሮና አስፋልት ውኃ አይጠጡም። ከላይ አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር፣ ከታች ያለው አፈር የዚያን ቤት ጣራ ውኃ ጨምሮ መሸከም ይኖርበታል። ይህን ሳስተምረው ኖሬያለሁ፤ ሳስተምረው አያስፈራም ነበር። የሚያስፈራው ድምፁ ነው። ነጎድጓድ አይመስልም። ከባድ ጆንያ ከሸክም ወርዶ መሬት ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሰው በየቤቱ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። ማን ዘንድ እንደ ተናደ ለማወቅ የሚወጣ የለም፤ ሁሉም መጀመሪያ የገዛ ግድግዳውን ያያል።

በቤቴና በቦረቦሩ መካከል የሚገኘው የአንዲት ባልቴት ግቢ ብቻ ነው። ወደዚህ ስንመጣ ባለቤታቸው በሕይወት ነበሩ፤ ገና ያርሱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ገብስ ሲወቁ ጠርተውን፣ እኔና ባለቤቴ ከአውድማው ዳር ተቀምጠን በሬዎቹ ሲዞሩ ማየታችንን አስታውሳለሁ። አሁን ለባልቴቲቱ የቀሩላቸው አንዲት ቀይ ላምና አንድ ልጅ ናቸው። ልጁ ታክሲ ይነዳል፤ ቤቴል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ይመስለኛል፣ ይኸው ልጅ ታክሲውን አስፋልቱ ጫፍ አቁሞ በእግሩ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ እማዬን ያናግሩልኝ። እኔን አትሰማም።»

«ምን ሆኑ?»

«እሷማ ምንም አልሆነችም። መሬቱ ነው የሆነው። ጓሮው ተሰንጥቋል። እኔ ጋ ትምጣ ብላት ‹ላሜን ፎቅ ላይ ልታወጣት ነው?› ትለኛለች።»

አብረን ሄድን። ባልቴቲቱ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው እበት ይዝቁ ነበር። ገና ሲያዩን ቀና አሉ።

«ኧረ መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ። ሒሳብ ሳይቀበል ሰው የሚያመጣ ሾፌር ዛሬ ገና አየሁ።»

«እማዬ፣ ቀልዱን ተይውና ስንጥቁን አሳዪያቸው።»

«ስንጥቅ ይላል! መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይገጥማል። አንተ መሪ ስትጨብጥ አፈር ረሳህ።»

ስንጥቁን አየሁት። ቀጭን ነው፤ ጣት አያስገባም። ያስፈራኝ ስፋቱ ሳይሆን አካሄዱ ነበር። ከአጥሩ በስተውስጥ፣ ከገደሉ አፍ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ሰው ያሰመረው ይመስል ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል።

ባልቴቲቱ ፊቴን አንብበው ኖሮ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያስረዱኝ ጀመር። «ይስሙኝ መምህር። ገደሉ ድሮም እዚያው ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አጥር ሲያጥር ከገደሉ አንድ የላም ገመድ ያህል ያስቀር ነበር። ላሟን ከችካሉ አስረን ከአጥር ውጭ ስንለቃት እስከ ሣሩ ጫፍ ትደርሳለች እንጂ አትወድቅም። እሱ ከሞተ በኋላም እኔ እንዲያው ነው የማጥረው። አንተ፣ ገመዱን አምጣ!»

ልጁ እያጉረመረመ ገመዱን ከአጥሩ ችካል አሰረና ጫፉን ይዞ ወደ ገደሉ ሄደ። ከገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ገመዱ ተወጠረ፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም።

«አየህ? ገደሉ ተጠግቶ ቢሆን ገመዴ አብሮ ሊያጥር ነው? መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ርቀቱ ካልተለወጠ አደጋ የለም የሚለው ሐሳብ ለፈሪ ሰው ምቹ ትራስ ነው። እኔም በየዓመቱ ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ ያንን አጥር አሻግሬ እያየሁ፣ ከኋላው ያለችውንም የሣር መስመር እያየሁ፣ «እንዳለ ነው» ስል ኖሬያለሁ። በመንደራችንም ገደል የሚያዋስነው ሰው ሁሉ የሚያጥረው በዚሁ ልማድ ነው። ለልጁ «እናትህ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም» ለማለት አፌን ልከፍት ነበር።

የከለከለኝ ላሟ ናት። የመታለቢያዋ ሰዓት ደርሶ ነበርና ባልቴቲቱ ከጓሮ ሊያወጧት ገቡ። ግንባሯን በመዳፋቸው እየገፉ፣ «ኋላ በይ፣ ኋላ በይ የኔ እመቤት» እያሉ በኋሊት አስኬዷት። ላሟ በአንድ ጎኗ የቤቱን ግድግዳ፣ በሌላው አጥሩን እየታከከች፣ እንደ መኪና በኋላ ማርሽ ወጣች። የለመደችው መንገድ እንደ ሆነ ያስታውቃል።

ልጁም ያየው ያንኑ ነበር። «እማዬ፣ ለምንድን ነው በኋሊት የምታወጫት?»

«መዞሪያ የላትማ።»

«ድሮ ትዞር ነበር። እኔ ራሴ እዚህ ጓሮ ኳስ እጫወት ነበር።»

«ድሮ አንተም ትንሽ ነበርክ። ለትንሽ ሰው ጓሮ ሁሉ ሜዳ ነው።»

ይህ መልስ ከስንጥቁ ይልቅ አስደነገጠኝ። እኔ ራሴ በትውስታ ላይ የማቀርበው ክስ ነበርና። በዚያች ቅጽበት ከእርሱ ትውስታና ከእናቱ ገመድ አንዱን እንድመርጥ የተጠየቅሁ መሰለኝ። ገመዱ ደግሞ እጃችን ላይ ነበር። መምረጡን ትቼ ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ አጥሩን ሲያጥሩ ችካሉን የሚተክሉት በአሮጌው ጉድጓድ ነው?»

«አሮጌው ጉድጓድ ከየት ይገኛል! እሱንማ ክረምቱ ይወስደዋል። ለመስቀል ሳጥር ገመዴን ከገደሉ አፍ እይዝና ወደ ቤት እዘረጋለሁ፤ ከዚያ ገመዱ ካበቃበት ላይ...»

ቃላቸውን አልጨረሱም። እጃቸው ገመድ እንደሚዘረጋ ሰው ወደ ቤቱ እንደ ተቀሰረ ቀረ። መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ከዚያም በር ላይ ቆማ የምታመሰኳውን ላም አዩ። ገመዱ አልዋሸም ነበር። ገደሉ በየክረምቱ ወደ ቤቱ ይራመዳል፤ በየመስከረሙ አጥሩ ይከተለዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁልጊዜ አንድ የላም ገመድ ነው። ያለቀው ጓሮው ነው። ጓሮውን ደግሞ የለካው ሰው አልነበረም፤ የምታውቀው ላሟ ብቻ ነበረች።

ከታች ውኃው ይሰማል፤ ገና የሰኔ ውኃ፣ ገና ቀጭን።

«ላሟ ትሂድ» አሉ ባልቴቲቱ በመጨረሻ።

«አንቺስ?»

«መምህር ግቢ እሰራት። ቦታ አላቸው።»

«አንቺስ እማዬ?»

«ሌላ ሰው አያልባትም፤ ትራገጣለች። ይቺን ላም ታውቃታለህ አይደል?» ወደ እኔ ሳያዩ ጨመሩ። «እንግዲህ እኔም እሷ ካለችበት ነው።»

ሰርቪስ ቤቴን አጸዳንላቸው። የዕድሩ ጎረምሶች አልጋቸውንና ሳጥናቸውን በአንድ ከሰዓት አጓጓዙ። ከጎረምሶቹ አንዱ ላሟን ሲጎትት፣ «ኮንዶሚኒየም ደረሳት!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ባልቴቲቱ አልሳቁም። ቤታቸውን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አሰሩት።

ሐምሌ እንደ ወትሮው አለፈ ማለት ይቻላል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልቴቲቱ ከሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ወደ ቤታቸው ዞረው ይቀመጣሉ። እኔ መጽሐፍ ይዤ በረንዳ ላይ እሆናለሁ፤ አንድ ገጽ ደጋግሜ እገልጣለሁ። አንዳንድ ቀን «በከንቱ ነው ያስወጣችሁኝ» ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ምንም አይሉም፤ የፈራሁት ይህኛውን ቀን ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የሆነው። ሰው «አለፈ» ብሎ በተነፈሰበት ሰዓት ያ የጆንያ ድምፅ ተሰማ። ቀጠለ ሌላ፤ ከዚያ ቆርቆሮ ሲጮኽ። እዚያ ስንደርስ አጥሩ በሽቦው ተንጠልጥሎ ወደ ገደሉ ውስጥ ይወዛወዛል። ጓሮው የለም። የቤቱ የኋላ ግድግዳ እስከ መሠረቱ ሄዷል፤ ባልቴቲቱ ያድሩበት የነበረው ክፍል ክፍት ሆኖ ወደ ሰማይ ያያል። በቀረው ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያና የነጠላ ማንጠልጠያ ምስማር ተተክለው እንዳሉ ነበሩ።

ልጁ ከሥራው ሮጦ መጣ። ከእናቱ አጠገብ ቆመ እንጂ «አላልኩሽም?» አላለም፤ ይህን አመሰግንለታለሁ። ባልቴቲቱ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ፣ ስለ ዕለት ሥራ በሚነገር ድምፅ፣ «እንግዲህ ለመስቀል አጥሬን የት ልተክል ነው?» አሉ።

ሁላችንም በልባችን ገመዱን የዘረጋን ይመስለኛል። ከአዲሱ የገደል አፍ ተነሥቶ ቢለካ፣ ችካሉ የሚያርፈው በሳሎናቸው ወለል ላይ ነው። ከሳሎናቸው ቀጥሎ የፊት ደጃቸው አለ። ከደጃቸው ቀጥሎ የእኔ አጥር።

ይህን የምጽፈው ከዚሁ ከራሴ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው። ባልቴቲቱ አሁንም ሰርቪስ ቤት ናቸው፤ ላሟም በግቢዬ እንደ ልቧ ትዞራለች። ልጁ እኔንም ጭምር ወደ ቤቴል ሊያወጣኝ ይወተውተኛል፤ «ጋሼ፣ የሚቀጥለው ክረምት እርስዎን ነው የሚያየው» ይለኛል። ለመወሰን ገደሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚራመድ ማወቅ ያስፈልገኛል። የአንዱን ክረምት ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ አንዳንዱ ክረምት ብዙ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ምንም አይወስድም። ከስንት ዓመት በፊት ገደሉ የት እንደ ነበር የሚነግረኝ አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለኝ። እርሱም ያ አውድማ ነው።

በትውስታዬ አውድማው ከቤታቸው ጀርባ ነበር፤ ዛሬ አየር በሆነው ቦታ ላይ። በእበት የተለቀለቀ፣ ሰፊ፣ ክብ፣ በሬዎቹ እንደ ልባቸው የሚዞሩበት። እውነት ከሆነ ገደሉ በእኔ ዘመን አንድ ሙሉ አውድማና ከዚያም በላይ በልቷል፤ እንደዚያ ከሆነ በዚህ ቤት የሚቀሩኝ ክረምቶች ጥቂት ናቸው። ባልቴቲቱን ጠየቅኋቸው። «የኛ አውድማ ከታች መስኩ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነበር፤ እርስዎ የሌላ ሰው አይተው ይሆናል» አሉኝ። በማግስቱ ወተት ይዘው ሲመጡ ደግሞ፣ «አንድ ዓመት ዝናብ አጣድፎን ጓሮ ወቅተን ነበር መሰለኝ፤ ወይስ እሱ የእህቴ ቤት ነው?» አሉ። ልጁ ያኔ አልተወለደም።

አጥርቼ የማየው አንድ ነገር አለ። ባለቤቴ የተለቀለቀውን እንዳታበላሽ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ከአውድማው ዳር ቆማለች፤ ወደ እኔ ዞራ ትስቃለች። የጫማዋ ቀለም ሳይቀር ይታየኛል። ከኋላዋ የነበረው ግን ባሕር ዛፍ ይሁን ወይስ ባዶ ሰማይ፣ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።