ትንበያ እንጂ ትንቢት አይደለም

የአየር ትንበያ ባለሙያው በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ስለ ዝናብ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል፤ መሳሳቱን ግን ክዶ አያውቅም። ትንሽ በጎነት ናት፤ ሌላ እምብዛም ስላልነበረው ልትጠቀስለት ይገባል።

ሰኞ ጠዋት የስድስት ዓመት ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ነገሩ አብራት ከምትማረው ከሰፈሩ ልብስ አጣቢ ልጅ የመጣ ነው። ባለሙያው በሬዲዮ «ዝናብ ብዙም አይጠበቅም» ባለበት ቀን ልብስ አጣቢዋ ያሰጣችው የደንበኞች አንሶላ ሁሉ በዝናብ በሰበሰ፤ ልጅቷም «አባትሽ ውሸታም ነቢይ ነው» ብላ በክፍሉ ፊት አዋረደቻት። ትንበያና ትንቢት ለስድስት ዓመት ጆሮ አንድ ናቸው፤ ጢም ላበቀለም ጆሮ ቢሆን ያው ነው።

«አባዬ፣ መጥተህ ንገራቸው። ካልነገርካቸው እዚያ አልገባም።»

በማግስቱ ሰባት ሰማያዊና ሦስት ቀይ የጠርሙስ ክዳኖች በጨርቅ ከረጢት ይዞ ሠላሳ ሕፃናት ፊት ቀረበ። በተሰጠው ወንበር ሊቀመጥ ሞከረ፤ ጉልበቱ አገጩን ሲነካው ተነሥቶ ቆመ።

«ሰባቱ ሰማያዊ ፀሐይ ናቸው፤ ሦስቱ ቀይ ዝናብ። ሳላይ አንድ ባወጣ የትኛው ይመስላችኋል?»

«ፀሐይ» አሉ ባንድ አፍ።

ልጁ ጠጋ ብላ «ሰማያዊዎቹ ወፈር ይላሉ፤ ዳብሰህ አውጣ» ስትል አንሾካሾከች። እውነቷን ነበር። ክብር እንዲህ በርካሽ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። እሱ ግን መጀመሪያ የነካውን አወጣ። ቀይ ሆነ።

«ዋሸ» አለች የልብስ አጣቢዋ ልጅ፣ ፍርድ እንደ ሰለቸው ዳኛ።

«ሦስት ዝናብ እንዳለም ተናግሬ ነበር።»

«ታዲያ ነቢይ ከሆንክ ለምን አላወቅህም?»

«አይደለሁማ፣ የኔ ልጅ። ነቢይ የሚሆነውን ያውቃል፤ እኔ የምናገረው የሚበዛውን ነው።»

«እኔ ብሆን ሰማያዊ ነበር የማወጣው።»

ክዳኑን መልሶ ከረጢቱን ሰጣት። እጇን እስከ ክንዷ ሰድዳ አወጣች። ቀይ።

«ውሸታም» አለ ክፍሉ በሙሉ።

«አልዋሸሁም» አለች ክዳኑን ጨብጣ፤ «ሰማያዊው ስለሚበዛ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

«አባዬም እንደዚያው ነው ያለው» አለች የባለሙያው ልጅ። ከዚያም ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች።

«በል አባዬ፣ ወደ ሥራህ ሂድ። ልንማር ነው።»