ውሃ በሳምንት ስንት ቀን?

በሶዶ ከተማ ቤት የሚያሻሽጠው ሀብተየስ እንደ ሌሎቹ ደላሎች በአፉ ብቻ አይነግድም። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ መረጃ ያዘጋጃል፤ ስፋቱን፣ ካርታው የወጣበትን ዓመት፣ የጎረቤት ቤት በስንት እንደተሸጠ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጽፎ ለገዢ ይሰጣል። «ሰው ይዋሻል፣ የእኔ ወረቀት ግን አይዋሽም» ባይ ነው።

ባለቤቱ ጣፈጠች በሞተች በሳምንቱ፣ በበዴሳ ከተማ ካለችው ልጁ ጋር ተጠግቶ ሊኖር ቆረጠና የራሱን ቤት ወረቀት መሙላት ጀመረ። ስፋቱን ጻፈ፤ ካርታውን ጻፈ። ውሃው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሃያ ዓመት በኖረበት ቤት ይህችን አንዲት ነገር አያውቃትም። እያፈረ ጎረቤቱን አሳየሽን በአጥሩ አሻግሮ ጠየቃት።

«ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው እኮ ጋሼ» አለችው ተገርማ። «ያውም ጎህ ሳይቀድ። ነፍሷን ይማርና፣ እትዬ ጣፈጠች እየተነሳች በርሜሉን ስትሞላ አንድም ቀን አልሰሙም?»

አልሰማም። እሱ ሲነሳ ባልዲው ሞልቶ ይጠብቀው ነበር። የሰው ቤት የውሃ ቀን ሲቆጥር የኖረው ሀብተየስ፣ እሱ ቤት ውሃ በየቀኑ የሚመጣ ይመስለው ነበር።