በወረቀት የወለድኳት ልጅ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። እኔ ታደለ፣ የኤር ኮንዲሽን ጠጋኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ከመዝገበ ቃላትና ከተቃጠለ ሞተር የተማርኩ። ሚስቴ ወይንሸት። ታናሽ ወንድሜ አበራ፣ የከባድ መኪና ሹፌር። አራተኛዋ ሰብለ ናት፤ በደም የአበራ፣ በወረቀት የእኔ ልጅ።

ከድሬዳዋ ስንወጣ ሰብለ ገና ሁለት ወሯ ነበር። እናቷ በወሊድ አረፈች፣ አበራም ከመንገድ አይወርድም፤ ልጅ ላልነበረን ለእኛ ሰጠን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጡጦዋን በመስኮት አቀበለንና፣ “በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ አጎቷ ነኝ” አለ። ጅቡቲ የመኖሪያ ፈቃድ የሚገኘው ለገዛ ልጅ ነው ስላሉን “ልጄ ናት” ብዬ ፈረምኩ። ውሸት አልወድም፤ ሰብለንም ካደገች በኋላ ስትዋሽ ቀጥቻታለሁ። ትልቁን ውሸት ግን የፈረምኩት እኔው ነኝ።

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ድሬዳዋ ትሞቃለች ስንል የኖርነው ጅቡቲን ሳናይ ነው፤ እዚህ በሐምሌ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ወይንሸትም “ሽሮ በባጌት ዳቦ አይበላም” እያለች አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በላችው።

አበራ ጭነት ይዞ በመጣ ቁጥር እኛ ዘንድ ያርፍ ነበር። አንድ ቀን ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ መጣ። የቆሽት ካንሰር ነው አሉን፤ በአራት ወሩ ቀበርነው። ያከመችው ፈረንሳዊት ዶክተር ደሙን ወደ አገሯ ልካ ስለነበር ከቀብሩ በኋላ አስጠራችኝ።

“በዘር የሚተላለፍ የጂን ለውጥ ተገኝቶበታል” አለችኝ። “ለውጡ ያለበት ሰው ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። የወረሰ ሁሉ አይታመምም፤ ግን ክትትል ያስፈልገዋል። ወንድምዎ ልጅ አላቸው?”

“የለውም” አልኩ። ምላሴ ለምዶት ነበር።

“እንግዲያው እርስዎ ይመርመሩ።”

ተመረመርኩ፤ ለውጡ የለብኝም። “ልጅዎም ከእርስዎ ልትወርሰው አትችልም፤ እንኳን ደስ ያለዎት!” ብላ ከያዘችው የቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ሰብለ በሚለው ስም ላይ መስመር አሰመረች። ያቺን መስመር እያየሁ አመስግኜ ወጣሁ። እስከ ጅቡቲው ምኒልክ አደባባይ በእግሬ ሄድኩና መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። በእኔ ደም የአበራን ልጅ ነጻ አውጥቼ መምጣቴ ነበር።

ወይንሸት ነገሩን ስትሰማ፣ “ለዶክተሯ ንገራት፤ ለልጅቷም እንንገራት። ሌላውን ምን አገባው?” አለች። ልክ ነበረች። ለዶክተሯ ነገርኩ። ሰብለንም “ተቀመጪና ስሚ” ብዬ እንደ ፍርድ አነበብኩላት።

“አባቴን ነው ‘አጎቴ’ እያልኩ ውሃ ሳጠጣው የከረምኩት?” አለች።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ! እኔ ግን እውነት ግማሽ የለውም ብዬ ወደ ኢሚግሬሽን ሄድኩ።

“ሙሴ ታደለ፣ ምን ልርዳዎት?” አለኝ ሹሙ፤ በፈረንሳይኛ አቶ ማለቱ ነው።

“የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት በውሸት ፈርሜያለሁ። ላርም ነው የመጣሁት።”

“ማን ከሰሰዎት?”

“ማንም።”

“ታዲያ ምን ሆኑ? ሰው ከሥራ ይለቃል፤ ከአባትነት ሲለቅ ግን ዛሬ ገና አየሁ!” ለባልደረባው በሶማሊኛ አንድ ነገር ጣል አደረገለትና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይሂዱ ወደ ቤትዎ። እኔ ምንም አልሰማሁም” አለኝ።

“ጻፍ” አልኩት። ጻፈ።

እኔ ተቀጣሁ፤ የሰብለ ፈቃድ ተሰረዘ፣ አገር እንድትለቅም አንድ ወር ሰጧት። አሁን ድሬዳዋ እህቴ ቤት ናት። በየዓርቡ እደውላለሁ።

“ተመረመርሽ?”

“ዛሬም እሱኑ?”

“ለራስሽ ብዬ ነው እኮ፣ ልጄ!”

“ልጄ አልክ? እሺ፣ የትኛው ወረቀት ላይ?”

“ሰብለ፣ አትቀልጂ። አዲስ አበባ ደም ተቀብለው ወደ ውጭ የሚልኩ አሉ፤ የዶክተሯም ደብዳቤ እጅሽ ላይ ነው።”

ባለፈው ዓርብ ግን “እመረመራለሁ” አለች። “ውጤቱን ግን አልነግራችሁም። እናንተ አሥራ ሰባት ዓመት ደበቃችሁኝ፤ አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው።” ዘጋችው።

እንደኔ በወረቀት ልጅ የወለዳችሁ ብዙ ናችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ከሐኪም አትደብቁ። ለልጁም ሰው ሳይሞት ንገሩት።

ድምሩ ይኸው። መቀጫው የሁለት ወር ገቢዬን በላ፤ እሱስ ይሁን። አበራ ከልጁ አፍ አባቴ የሚል ቃል ሳይሰማ ሄደ። ሰብለ የመጨረሻው ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው ከትምህርቷ ቀረች። ወይንሸት፣ “አንተ እውነትህን ብላ” ብላኝ ራቷን ለብቻዋ ትበላለች። እኔም ልጄ ከበሽታው ነጻ ትሁን አትሁን ሳላውቅ እሞታለሁ።