በእራት ላይ የጠፋ ገዳም

ይህን ለንስሐ አባቴም ለባለቤቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

እማሆይ ለተማርያም በልጅነታቸው በኤርትራ ደጋ ከነበረ አንድ የሲታውያን ደናግል ገዳም ገብተው መነኰሱ። ሲታውያን ዝምታን ሕግ ያደረጉ ካቶሊካውያን ናቸው። ጦርነቱ ገዳሙን በተነው፤ እህቶቹም አንድ በአንድ አለቁ። እሳቸው ብቻ ተርፈው በስደት አውሮራ ከተማ፣ የእህታቸው ልጅ ሰናይት ዘንድ አረጁ። በጽሑፍ የቀረ ነገር አልነበረም። የገዳሙ ታሪክ ያለው እሳቸው ውስጥ ብቻ ነበር።

የቤተሰቡ ወዳጅና ጸሐፊ ነኝና፣ እኔ ልጽፈው ቃል ገባሁ። ለምን? ሰው ሁሉ ስለ ነገሥታት ሲጽፍ፣ እኔ ማንም ስለማያውቃቸው ሴቶች ብጽፍ የተለየሁ እሆናለሁ ብዬ። ፍቅር አልነበረም፤ እልህ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምኖርበት ከፓርክ ሂል እየነዳሁ እሳቸው ዘንድ እሄድ ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩኝ እህቶቹ በዝምታው ሰዓት የሚነጋገሩበትን የጣት ምልክት ነው። የሁለቱን እጆች አውራና ሌባ ጣት ገጥሞ ክብ መሥራት ዳቦ ነው። አውራ ጣትን አገጭ ሥር ማድረግ፣ እህታችን ሞታለች ነው።

«ለውጭ ሰው አሳይቼ አላውቅም» አሉኝ። «ያለዚህ ግን ታሪካችን አይገባህም።»

የሰናይት ልጅ የተመረቀች ቀን ሴንቴኒያል በሚባለው ሰፈር፣ ዘመድ ቤት እራት ተጋበዝን። ጠጥቼ ነበር። መጠጡን ግን አልከስም፤ ሳልጠጣም ያው ነኝ። ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ምልክቶቹን አወጣሁ። በጣቴ ዳቦ ጠየቅሁ፤ ሳቁ። ከዚያ አውራ ጣቴን አገጬ ሥር አድርጌ፣ ዓይኔን ገልብጬ፣ ምላሴን ጎልጉዬ «ይሄስ?» አልኩ።

«ሚጥሚጣው በዛ!» ብሎ ገመተ የሰናይት ባል።

«ኖ! ማሚ የሠራችው ወጥ ነው!» አለች ተመራቂዋ። «ጋሼ፣ ዱ ኢት አጌን!»

ደገምኩት። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ቀና ስል፣ ለጸሎት ወደ ውስጥ ገብተው የነበሩት እማሆይ በሩ ላይ ቆመዋል። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሄድኩ።

«ረስቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ።

«ምኑን እማሆይ?»

«ሁሉንም።»

ሻይ አስቀረቡልኝ። ስለ በረዶው አወራን። ይቅርታ መጠየቅ እየቻልኩ ስለ በረዶ አወራሁ! እኔ፣ በጽሑፌ የሰውን ሁሉ ፈሪነት የማጋልጥ፣ እኔ። ደግሜ አልሄድኩም። ታሪካቸውን የሚሰማ ሌላ ሰው መላክ እችል ነበር፤ ያደረግኩትን ይነግሩታል ብዬ እሱንም ተውኩት። የትኛው ይከፋል? ማላገጤ ወይስ ይህ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ያኔ አልጠጣሁም ነበርና።

እማሆይ በዓመቱ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ሰናይት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ የት ደረሰ? እሱ እንኳ መታሰቢያ ሆኖ ይቅርልን።»

«እየተጻፈ ነው» አልኳት።

አንድም ገጽ የለም። ገዳሙን ማን መሠረተው? በመጨረሻው ቀን በሩን ማን ዘጋው? እህቶቹ የት ተቀበሩ? አላውቅም፤ ከእንግዲህ የሚያውቅም የለም። ሰናይት ግን ባገኘችኝ ቁጥር «በርታ» ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላለሁ።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚገባቸውን ሴቶች በስም እንኳ ልጠራቸው አልችልም።