የጋሽ ኤቬሊዮ ፍሪጅ እስኪያርፍ

ጋሽ ኤቬሊዮ ካርሜናቴ ወደ እኛ ሕንፃ የገቡ ዕለት ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። ሃቫና ውስጥ ዕቃ ሲገባ ማየት ትኬት የማይቆረጥበት ትርኢት ነው። ሰውዬው ምን እንዳለው፣ ምን እንደጎደለው፣ ፍራሹ የቱ ጋ እንደተቀደደ በአንድ ከሰዓት በኋላ ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲያ እንኳ ቢዋሽህ አታምነውም።

መጀመሪያ የወረደው ቬንቲሌተር ነው። ክንፎቹ በሟች ሚስታቸው ቀሚስ ተጠቅልለዋል፤ ሰውዬው መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ ታቅፈውት ነው የመጡት። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ወረደ፣ ፊቱን ወደ ፍራሹ አዙሮ፣ እንደ ተቀየመ ሰው። መጨረሻ ላይ ፍሪጁ መጣ። ሩሲያ ሠራሽ ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጎኑ የተኛ። ቆሞ ቢመጣ መንገዱ ላይ ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉት የመብራት ሽቦዎች አያሳልፉትም።

የእኛ ደረጃ ለሬሳ ሳጥን እንኳ ስለሚጠብ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገባው በረንዳ በረንዳውን፣ ከጣሪያ በተጣለ ገመድ ነው። ገመዱን የያዘው ኦስማኒ የሚባል ዕቃ አጓጓዥ ነበር፤ ትእዛዙን ግን የሚሰጠው መንገደኛው ሁሉ ነው።

«ወደ ግራ» አለ አንዱ።

«በማን ግራ?»

«በፍሪጁ ግራ።»

«ኦስማኒ፣ የምትጥለው ከሆነ አስቀድመህ ንገረኝ፤ አማቴን ከሥሩ ላቁማት።»

ሰው ሲስቅ ጋሽ ኤቬሊዮ አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው ከሥር ቆመዋል፤ ቢወድቅ ሊቀልቡት ይመስላል።

ፍሪጁ ደህና ገባ። ኦስማኒ ላቡን እየጠረገ ውሃ ሊጠጣ እኔ ቤት ጎራ ሲል ሳልጠይቀው አወራኝ። ጠይቄው ቢሆን እንኳ ያወራኝ ነበር።

«ይኸውልህ፣ ይሄ ፍሪጅ የሳቸው ብቻ አልነበረም። መለዋወጫ ከጠፋ ወዲህ በቀድሞ ሰፈራቸው የቀረው ደህና ፍሪጅ እሱ ነው። የአንዱ ዓሣ፣ የአንዷ መድኃኒት፣ የሌላው በረዶ፤ በራቸው ሲንኳኳ ነው የሚውለው። ሚስትየው ኔሬይዳ ከሞተች በኋላ ቤቱ ሰፋባቸው። ልጅ የላቸውም። ሰፊውን ቤት ትልቅ ቤተሰብ ላለው ሰው ሰጥተው በምትኩ ይቺን አንድ ክፍል ወሰዱ። መኪና ውስጥ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ኦስማኒ፣ ይሄ በሰላም ከደረሰ ሰው አላጣም።›»

ኦስማኒ ሳይሄድ የመጀመሪያዋ እንግዳ በራቸውን አንኳኳች። ሚግዳሊያ ናት፤ በሯ ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው። የሷ ፍሪጅ ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን ጫማ ታስቀምጥበታለች። እኔ ደረጃው ላይ ሥራ አልነበረኝም፤ ግን ነበርኩ።

«እንኳን ደህና መጡ ጎረቤት» አለች ማሰሮዋን እንደያዘች። «ለልጅ ልጄ ያገኘሁት ወተት ነው። በዚህ ሙቀት አያድርልኝም፤ አንድ ጥግ ቢሰጡኝ።»

ሰውዬው ፊታቸው በርቶ ነበር። ወዲያው ጠፋ።

«ዛሬ አይሆንም ልጄ። ፍሪጁ እያረፈ ነው።»

«ምን ሠርቶ ነው የሚያርፈው?»

«በጎኑ ተኝቶ መጣ። የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው ሳይመለስ ከተሰካ ይቃጠላል። ቆሞ ማደር አለበት።»

ሚግዳሊያ በእሳቸው ትከሻ አሻግራ ፍሪጁን ዓይታ ዓይኗን ወደ ማሰሮዋ መለሰች። «እንግዲያው ሲነቃ ይንገሩኝ» አለችና ሄደች።

ጋሽ ኤቬሊዮ እውነታቸውን ነው። የፍሪጁ ሞተር አንድ ዕድሜ ብቻ ያለው ዕቃ ነው፤ ቢቃጠል ሁለተኛ አይገኝም። ግን እኛ ሕንፃ ውስጥ እውነት ቀልድን ቀድሞ ደረጃ ወርዶ አያውቅም። ገና ሳይመሽ ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ሲያጋጩ «ቀስ በሉ፣ ፍሪጁን ትቀሰቅሱታላችሁ» መባባል ጀምረው ነበር። ቆጥቋጣ ሽማግሌ ገባብን ተባለ። በረዶ ላለመስጠት የሚያመካኝ ብዙ ሰምተናል፤ የፍሪጅ ድካም ያመካኘ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

በማግስቱ ሰኩት። እኔ ታች ሆኜ ማንጎራጎሩን ሰማሁ፤ እንደ ጤነኛ ድመት። ጋሽ ኤቬሊዮ የበረዶ መሥሪያውን ሁሉ ሞሉና በራቸውን ገርበብ አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰው ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ «እንዴት ዋሉ» ይላል፣ ያልፋል። ባዶ እጁን።

ሲሰለቻቸው ተነሥተው የሚግዳሊያን በር አንኳኩ።

«ነቅቷል» አሏት።

«ወተቱ ግን ሞቷል» አለች። አልተቆጣችም፤ በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ይሄ ከመቆጣቱ ይከፋል።

ከዚያ በኋላ እኔ ወጣሁ። ለበረዶ አይደለም፤ ውስጡን ለማየት ነው። ጋሽ ኤቬሊዮ ስገባ ፊቴን አላዩም፤ እጄን ነው ያዩት።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

ምንም አልያዝኩም። «ረስቼው» አልኩና ወረድኩ። ቤቴን ባገላብጠው የተገኘው ግማሽ ሽንኩርት ነው።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ፍሪጁን ሲከፍቱት መብራቱ ባዶ መደርደሪያዎቹ ላይ ቦግ አለ፤ አንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ እንቁላል ብቻ አሉ፣ እነሱም ተራርቀው። ሽንኩርቴን ሳህን ላይ አድርገው ላይኛው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ያንተ እዚህ ነው። መሃለኛውን እንዳትነካ፤ የሚግዳሊያ ነው።»

«እሷ ትመጣለች ብለው ነው?»

በሩን ዘጉና መዝጊያውን በመዳፋቸው ጫን አሉት።

«ነገ ና» አሉኝ። «ሽንኩርት አይታመንም፤ መታየት አለበት።»